ሞያሌ ላይ ሁለቱ በር አንድ ሆነ፤ ልጆቻችን ግን አሁንም በጫካ ነው የሚያልፉት

ዋቸሞ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ነገሩ ቤቴ ገባ።

የአክስቴ ልጅ 20 ዓመቱ ነው። 12ኛ ክፍል የተፈተነው በ2015 ነው፣ ያ 3.2 በመቶ ብቻ ያለፈበት ዓመት። ከቀሩት ጋር ወደቀ። ከዚያ ሆሳዕና ውስጥ የሰው ባጃጅ ሲነዳ ቆየ። ባለፈው ወር ‹‹ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ›› ብሎ ወጣ። ሐዋሳ የተባለው ደቡብ አፍሪካ ኖሯል። አክስቴ የመሬት ወረቀቷን አስይዛ ብር እንደሰጠችው ያወቅነው አሁን ነው።

ሐሙስ ዕለት ስልክ መጣ። ኬንያ ውስጥ ተይዟል። ማርሳቢትን አልፈው ወደ ኢሲዮሎ ሲወርዱ ነው አሉ። አብረውት አሥራ ምናምን ልጆች አሉ፣ አብዛኞቹ የኛው አካባቢ።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሞያሌ ላይ ያ ትልቁ የጋራ የድንበር ኬላ አለ አይደል? ኅዳር 30/2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ አብረው የመረቁት። ኬንያ ለመግባት ደግሞ ቪዛ አንጠየቅም። ፓስፖርት ቢኖረው በመስኮት ማህተም አስመትቶ ይገባ ነበር። እሱ የተሻገረው ከኬላው ብዙም ሳይርቅ፣ በሌሊት፣ ሞተር ላይ ለሦስት ተፈናጠው ነው።

ሁለቱ አገሮች ይህን ያህል ከተባበሩ ትብብሩ የማን ነው? ደግሞስ አሁን ምን ላድርግ? የምታውቁ ንገሩኝ።


ጋሼ ኤንትሬ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

ዋቸሞ ልጄ፣ እግዜር ያስፈታው። የሚያዘው ሰው ዕድለኛ ነው ብዬ ብጽፍ ትቆጣኛለህ፣ ግን እሱን ነው የምልህ።

ጡረታ እስክወጣ ተሳቢ ነድቻለሁ፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሞያሌ መስመር። በፊት ሞያሌ ጉሮሮ ነበር። እኛ በኩል ወረቀትህን አስጨርሰህ፣ ገመዱ ተነስቶልህ ስታልፍ ማዶ ደግሞ እንደ አዲስ ትሰለፋለህ። ይሄኛው ምሳ ወጥቷል፣ ያኛው ኔትወርክ የለም። ከዚያ እስከ ኢሲዮሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር። አስፋልቱ ሳይገባ ቱርቢ አካባቢ ዝናብ ከያዘህ ቀን አትቆጥርም፣ ሳምንት ነው።

አሁን እንዲህ ነው። ከኛ ወደ እነሱ ስትሄድ በኛ በኩል አትቆምም። ቀጥ ብለህ ኬንያ ያለው ሕንፃ ትገባለህ። የኛ ሰው መውጫ ይመታልሃል፣ ከጎኑ የተቀመጠው ኬንያዊ መግቢያ ይመታልሃል። ቢጫ ካርድህንም፣ የክትባት ወረቀትህን ማለቴ ነው፣ እዚያው ያዩታል። ስትመለስ ደግሞ ሁለቱም ኢትዮጵያ በኩል ይጠብቁሃል። ጉምሩኩም እንደዚያው። ሥራ የጀመረው ሰኔ 2013 ነው። ሹፌር ሁሉ መርቋቸዋል፣ እኔም አንዱ ነኝ።

ግን በሩ የተሠራው ለወረቀት ነው። ወረቀት ላለው ሰውና ወረቀት ላለው ጭነት። ወረቀት የሌለው ዱሮ ገመዱ አጠገብ ቆሞ ይለማመጥ ነበር። አሁን የሁለት አገር ፖሊስ ጎን ለጎን ተቀምጦ እያየ ማን ዝር ይላል? ጫካ ገባ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቤሎ ላይ አንድ ደላላ ሻይ ጋብዞኝ ‹‹ጋሼ፣ ስድስት ዕቃ አለኝ›› አለኝ። ዕቃ የሚለው ሰው ነው። ከሸራው ሥር፣ ከቦሎቄው ጆንያ መሀል ሊያስተኛቸው። እምቢ አልኩ። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ መንጃ ፈቃዴን ፈርቼ ነው። ከኋላዬ የቆመው ሹፌር እሺ አለ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ 64 ልጆቻችን ኮንቴነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። ያን ሰሞን እንጀራ አልዋጥልህ አለኝ። ኮንቴነር በሩ ሲዘጋ ዙሪያው ያለው ጎማ አየር እንደማያሳልፍ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። የዘጋው ሰውዬ ያውቅ ነበር።


ቆራጡ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:51

ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ሁሉ ልቅሶ ምን ያደርጋል? ድንበሩ ይዘጋ። ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር በሁለት ኬላ አይጠበቅም። ወታደር አሰልፍ፣ ድሮን አብር፣ አለቀ። ማንም 20 ዓመት የሞላው ሰው ምን ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል።


ናይሮቢ ማዶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ቆራጡ ተው፣ ልጁ አሁን ታስሯል። ክርክሩን ነገ ትቀጥላለህ።

ዋቸሞ ወንድሜ፣ እኔ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ይሄን ስማ። ‹‹ልጃችሁ እኔ ጋ ነው፣ ይህን ያህል ሺህ ላኩ›› ብሎ የሚደውል ይመጣል። እስካሁን ካልመጣ ነገ ይመጣል። ፖሊስ ነኝም፣ ጠበቃ ነኝም ይላል። የልጁን ድምፅ ሳትሰማ፣ የእናቱን ስም ሳይነግርህ አምስት ሳንቲም እንዳትልክ። አንዴ የላከ ቤተሰብ ስልኩ ውስጥ ይመዘገባል።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዳኛዋ በእንግሊዝኛ ወይ በስዋሂሊ ክሱን ታነባለች። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። አንዱ ‹‹የስ›› ይላል፣ ሌሎቹም ‹‹የስ››። አመኑ ተብሎ ይጻፋል። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፣ ግን ካልጠየቀ ማንም አያስታውሰውም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ገብቼ አስተርጉሜያለሁ። ከአምስቱ ልጆች ሁለቱ ከሐዲይኛ ሌላ ደህና አድርገው አይናገሩም ነበር። በአማርኛዬ ምን ልርዳቸው?

ሦስተኛ፣ ወረቀት አሰባስብ። የልደት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ ምንም ቢሆን። ኤምባሲው ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ፈንታ የሚመለስበትን ወረቀት፣ የሚሰጠው ኢትዮጵያዊነቱን ሲያረጋግጥ ነው። ልጆቹ ፈርተው የውሸት ስም ይሰጣሉ፣ ከዚያ ስሙን ከወረዳው ጋር ማመሳከር ወር ይፈጃል። የሰጠው ስም ትክክል መሆኑን አጣራ። የአያት ስም ፊደሉ አንድ ዓይነት ይሁን።


ዋቸሞ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:22

ደውሏል። ትናንት። አክስቴ ልትልክ ስትል ነው ይሄን የጻፍኩት። አሁኑኑ እደውልላታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


ድንበርተኛዋ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ደህና አደራችሁ። እኔ ሞያሌ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሱቅ አለኝ። አንዱ ኪሴ ብር፣ አንዱ ኪሴ ሽልንግ፣ ስልኬ ላይ የሁለቱም አገር ሲም።

ቆራጡ ‹‹ድንበሩ ይዘጋ›› ብለሃል። የምትዘጋውን ላሳይህ። የቦረናው ከብት ሳር ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይላል። የቡርጂው ነጋዴ ሱቁ ማዶ፣ ቤቱ እዚህ ነው። ገብራውም ገሪውም በሁለቱም በኩል ዘመድ አለው። ሠርግ ማዶ፣ ለቅሶ እዚህ። ከኛ ሽንኩርትና ቦሎቄ ይሄዳል፣ ከነሱ ሳሙናና የፕላስቲክ ዕቃ ይመጣል። እኛን ጠባቂው በመልክ ያውቀናል፣ ‹‹እንዴት አደርሽ›› ብሎ ያሳልፈናል።

መጋቢት 2010ን ታስታውሳላችሁ? ወታደሮች በተሳሳተ መረጃ ሰላማዊ ሰው ገደሉ የተባለ ጊዜ። በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አሥር ሺህ ሰው ነው ኬንያ የገባው። እኔም ፍራሽ ተሸክሜ፣ ልጅ አዝዬ ሶሎሎ ወርጃለሁ። ያኔ ማንም ፓስፖርት አልጠየቀኝም። ድንበሩ ተዘግቶ ቢሆን ይሄን አልጽፍልህም ነበር።

የመሀል አገር ልጆቹን ግን ዓይን ይለያቸዋል። ሦስት አራት ሆነው አንድ አልጋ ቤት ይገባሉ። ቀን አይወጡም። ውኃ የምትገዛላቸው አንዲት ሴት ናት፣ ሁሌ እሷው። ቦርሳቸው ትንሽ፣ ጫማቸው አዲስ። እናት የገዛችላቸው ነው መሰለኝ። ሲመሽ ሞተር ይመጣል። ማዶዎቹ መንገዱን ‹‹ፓንያ›› ይሉታል፣ አይጥ ማለት ነው። የአይጥ መንገድ።

ስለ ትብብር ከተነሳ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሁለቱ አገር ባለሥልጣናት እዚህ ይሰበሰባሉ። አዳራሽ፣ ባነር፣ ምሳ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አሰሳ ነው። አልጋ ቤት ይፈተሻል፣ ልጆቹ ተጭነው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ደላሎቹ ግን ስብሰባው መቼ እንደሆነ ከኛ ቀድመው ያውቃሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩ ይመለሳል፣ ዋጋው ጨምሮ። ለአደጋው ሲባል ነዋ! የጨመረውን የምትከፍለው ያቺው መሬት ያስያዘች እናት ናት።


ሕግ ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:30

እህታችን ድንበርተኛዋ ያለችውን በሕግ ዓይን ላክልበት። ረዘም ካለ ታገሱኝ።

እዚህ አገር አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። ሁለት ወንጀል ይለያል። አንዱ በሰው መነገድ ነው፣ ሰውን አታሎ ወይም አስገድዶ መበዝበዝ። ሌላው ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው። በሁለቱም የሚቀጣው አሻጋሪውና ነጋዴው ነው። ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ስለማሻገር የሚናገረው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም አንቀጽ 5 ላይ ሰውየው በመሻገሩ ምክንያት በፕሮቶኮሉ መሠረት እንደማይከሰስ ይናገራል።

የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ ግን (እ.አ.አ የ2011ዱ) ያለ ፈቃድ መግባትን ራሱን ይቀጣል። እስከ 500,000 ሽልንግ ወይም እስከ ሦስት ዓመት እስር፣ ወይም ሁለቱንም። ፕሮቶኮሉ ይህን አይከለክልም፣ የየአገሩን የመግቢያ ሕግ አይነካም። ስለዚህ አንዱ ልጅ ስብሰባ ላይ ‹‹ተጎጂ››፣ ፍርድ ቤት ‹‹ተከሳሽ›› ይባላል። የጋራ ኬላው ይህን ክፍተት አልነካውም።

ለዋቸሞ አንድ የሚጠቅም ነገር። በቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ውጭ አገር የተያዘ ሰው ‹‹ለአገሬ ቆንስላ ይነገርልኝ›› ካለ ሊነገርለት ግድ ነው። ልጁ ይህን ጮክ ብሎ ይበል። እናንተም ከዚህ ሆናችሁ ኤምባሲውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ ብቻ አይሁን።

መንግሥታት ከፈለጉ እንደሚችሉ ደግሞ ታንዛኒያን እዩ። ጥር 2013 ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ቻቶ ድረስ ሄደው የያኔውን የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት ማጉፉሊን ሲያገኙ፣ በሕገ ወጥ መንገድ ገብተው የታሰሩ 1,789 ኢትዮጵያውያን እንዲለቀቁ ተወሰነ። በአንድ ጉብኝት! እኔ ዜናውን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ፕሬዚዳንት እስኪጎበኝ የሚጠበቅ ከሆነ ቀሪው ጊዜ ማን ነው የሚያስፈታው? በሁለቱ ኢሚግሬሽን ቢሮዎች መካከል ‹‹የተያዘ ሰው ማንነቱ ተጣርቶ በዚህን ያህል ቀን ይመለስ›› የሚል ተራ አሠራር ቢኖር ጉብኝት አያስፈልግም ነበር።


አወያይ
ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:55

‹‹በ20 ቀን ጆበርግ፣ ክፍያ ሲደርሱ›› የሚል ማስታወቂያ እዚሁ ክር ላይ ተለጥፎ ነበር። አጥፍቼዋለሁ፣ ሰውየውንም አግጃለሁ። ድፍረት ነው።


ከጆበርግ መልስ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:05

‹‹ክፍያ ሲደርሱ›› የሚባለው ነገር እኔንም የሸወደኝ ነው። ሲደርሱ ማለት መጨረሻ ላይ አይደለም። ናይሮቢ ደረስክ፣ ክፈል። ታንዛኒያ ገባህ፣ ክፈል። ካልተከፈለ እዚያው ቤት ውስጥ ተቆልፎብህ ትቀራለህ።

የሄድኩት በ2006 ነው። ሞያሌን ያለፍኩት በእግር ነው፣ ቀላሉ እሱ ነበር። ከባዱ ታንዛኒያና ማላዊ ነው። በጫካ አሥራ አንድ ቀን። ከመካከላችን አንዱ እግሩ አብጦ ቀረ፣ ‹‹መኪና ይመጣልሃል›› ብለውት። ስሙን አልጽፍም፣ እናቱ ይሄን ልታነብ ትችላለች። ጥቅምት 2015 ሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ ሲባል፣ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ሲባል፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ እሱ ነበር። ዓመቱ እንደማይገጥም አውቃለሁ። ቢሆንም። ሁለት ወር ሳይሞላ ዛምቢያ፣ ሉሳካ አጠገብ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ።

ቆራጡ ‹‹20 ዓመት የሞላው ያውቃል›› ብለሃል። አያውቅም ወንድሜ። የሚያውቀው ጎረቤቱ የሠራውን ፎቅ ነው። ሆሳዕና ሄደህ ‹‹ይሄ የማን ነው?›› በል፣ ‹‹የደቡብ አፍሪካ ነው›› ይሉሃል። ፎቁ ይታያል። የቀረው ሰው አይታይም።

ደግሞ ሰንሰለቱን አስቡት። መልማዩ ሰፈርህ ነው፣ ምናልባት ዘመድህ። አስተላላፊው ናይሮቢ ነው። ተቀባዩ ጆበርግ። ብሩ በሐዋላ ከሱቅ ሱቅ ይሄዳል፣ ኬላ የለበትም። ፖሊሱ ግን ሞያሌ ሲደርስ ሥልጣኑ ያልቃል። የሁለቱ አገር መርማሪዎች እንደ ጉምሩክ ሠራተኞቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንዱ ስልክ ቁጥር ሲሰጥ ሌላው ቢይዝ እኔ የምስቀው ያኔ ነው። ሰው መያዝማ ይይዛሉ፣ የሚይዙት ግን ዕቃውን ነው።


ቆራጡ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

እሺ፣ ትናንት ስሜታዊ ሆኜ ነው። ድንበርተኛዋ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በቅንነት ነው። አልሸባብ አለ። መሣሪያ ይገባል። ማርሳቢት በኩል ታጣቂ አለ። ኬንያ ብትፈራ ይፈረድባታል? በአይጥ መንገድ የእናንተ የአክስት ልጅ ብቻ አይደለም የሚያልፈው።


ጋሼ ኤንትሬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

አይፈረድባትም። እኔም ብሆን እፈራለሁ። ግን እስቲ አስበው። ኬላ ላይ የቆመ ፖሊስ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ባጃጅ ነጂ የነበረ ልጅ ከቁጥቋጦ ሲያወጣ ያድራል። ሲነጋ ደክሞታል፣ ኪሱ ግን ሞልቷል። ‹‹ኪቱ ኪዶጎ›› ይሉታል፣ ትንሽ ነገር ማለት ነው። በዚያች ትንሽ ነገር የተከፈተ መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው። ልጁም ያልፋል፣ መሣሪያውም ያልፋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ልጆቹ በመስኮት ቢያልፉ ኖሮ ጫካ ውስጥ የቀረው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።


ሕግ ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

ጋሼ በሦስት መስመር ጨረሱት። እኔ የምጨምረው የመስኮቱን ዋጋ ነው። ከነሐሴ 2016 ጀምሮ መደበኛ ፓስፖርት 5,000 ብር ነው፣ በሁለት ቀን ለሚፈልግ 25,000። የሰው ባጃጅ ለሚነዳ ልጅ 5,000 ብር ቀላል አይደለም። ግን ለደላላ ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ስለዚህ ብሩ ብቻ አይደለም ነገሩ። ፓስፖርት ይዞ ኬንያ ቢገባም የሥራ ፈቃድ የለውም፣ ከኬንያ ወዲያ ደግሞ ቪዛ አለ። መስኮቱ የሚያደርሰው ናይሮቢ ድረስ ነው፣ እሱ የሚሄደው ጆበርግ።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት የሆነው ኢጋድ ሰዎች በአባል አገሮች መካከል በነፃነት የሚንቀሳቀሱበት ፕሮቶኮል አለው፣ የካቲት 2012 ካርቱም ላይ ሚኒስትሮች ያጸደቁት። ሥራ ፍለጋንም ይጨምራል። ቢተገበር ናይሮቢ ራሷ መድረሻ ትሆን ነበር እንጂ መተላለፊያ ብቻ ሆና አትቀርም። ወረቀቱ አለ። ወረቀት መቼ ጎደለን?


ሎጊያ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሁላችሁም በሞያሌ ተያዛችሁ። በኛ በአፋር በኩል በጋላፊ፣ በእግር፣ በዚያ ሙቀት ጅቡቲ ወዳለው ኦቦክ የሚሄዱትን ማን ያንሳቸው? መጋቢት 2016 ማብቂያ ላይ እዚያው ጅቡቲ፣ ጎዶሪያ አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ 38 ሰው አለቀ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እዚያው ሁለተኛ ጀልባ። የሚገርመው፣ ሁለቱም ጀልባዎች ወደ የመን እየሄዱ አልነበረም። ከየመን ሲመለሱ ነው። አልሆነልንም ብለው ወደ ቤታቸው እየመጡ። ለመመለስም ደላላ ይከፈላል።


ድንበርተኛዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:18

ነፍስ ይማር። ይሄን አላውቅም ነበር፣ መመለሻውን።


ዋቸሞ
ከ24 ቀን በኋላ፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:50

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። ላዘምናችሁ።

የደወለው ሰውዬ ውሸታም ነበር። የእናቱን ስም ጠየቅነው፣ ስልኩን ዘጋ። ልጁ እንደተባለው የውሸት ስም ሰጥቶ ነበር፣ የጓደኛውን ስም። እሱን ማስተካከል ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ‹‹የስ›› ብሏል። ናይሮቢ ማዶ ወንድሜ፣ የተባለው ሁሉ ሆነ። በመጨረሻ ወደ አገሩ ይመለስ ተባለ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ጋር ሞያሌ አስረከቧቸው። በዚያው በጋራው ኬላ ነው ያለፈው! በአንድ መስኮት ወጣ፣ በአንድ መስኮት ገባ። ‹‹አሥር ደቂቃ አልፈጀም›› አለኝ በሰው ስልክ። ስልኩንም ጫማውንም ወስደውበታል። ለመሳፈሪያ እንዴት ልላክለት? አውቶቡሱስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?


ድንበርተኛዋ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:58

እንኳን በሰላም መጣ! በውስጥ መስመር ቁጥሬን ልኬልሃለሁ። ለእኔ ላክልኝ፣ እኔ በእጁ እሰጠዋለሁ። የእግሩን ቁጥርም ንገረኝ፣ የወንድሜ ሱቅ ጫማ አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ይገኝ በለው፣ ከዚያ ካለፈ ቦታ አያገኝም።


ዋቸሞ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:03

41 ነው።